ስልኩ ከእጅ ሲወጣ ምን ምን ይዞ ይሄዳል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሞባይል ስልክ ሲነሳ ቶሎ የሚጠየቀው «በቀን ስንት ሰዓት ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?» የሚለው ነው። ሰዓት መቁጠሩ አይከፋም። የጥገኝነቱ ልክ ግን የሚታወቀው ስልኩ ለአንድ ቀን ባይኖር ቀጥ ብለው በሚቆሙት ሥራዎች ነው። በቀን 6 ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጦ የሚውል ሰው ስልኩ በጠፋ ማግስት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። 40 ደቂቃ ብቻ የሚነካካው ሌላው ደግሞ ገንዘቡ፣ ኢሜይሉና የቤተሰቡ ቁጥር ሁሉ አብረው ተቆልፈውበት ሊቀር ይችላል። የዚህን እትም ጥያቄዎች የመረጥነው በዚህ ዓይን ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ጠፋብኝና በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ካርድ አወጣሁ፤ ሌላ ስልክም ገዛሁ። ጥሪውም አጭር መልእክቱም ይሠራል። ኢሜይሌና ሌሎች ሦስት አካውንቶች ግን «መተግበሪያው ላይ የሚታየውን ኮድ አስገባ» እያሉ አላስገባ አሉኝ። ቁጥሩ የራሴ ሆኖ ሳለ ለምን?

መልስ፦ ቁጥሩ ተመልሷል፤ ቁልፉ ግን አልተመለሰም። ሁለት ዓይነት ኮድ አለ፤ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ያደናግራሉ። አንደኛው በአጭር መልእክት የሚላከው ነው። እሱ ሲም ካርዱን ስለሚከተል አዲሱ ሲም ሲገባ አብሮ ይመለሳል። ሁለተኛው ኮድ አመንጪው መተግበሪያ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው። ይሄኛው ከየትም አይላክም። መጀመሪያ ሲመዘገቡ በካሜራ ያነበቡት ኪውአር ኮድ በውስጡ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይዞ ነበር፤ ያ ቁልፍ ስልኩ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቁልፉንና ሰዓቱን አንድ ላይ ወስዶ ኮዱን ራሱ ያሰላል። ኢንተርኔት በሌለበት የሚሠራው ለዚህ ነው። የስልኩ ሰዓት ከትክክለኛው ጊዜ ሲዛባ ትክክለኛ ይመስል የነበረው ኮድ «ስህተት» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን «በራሱ ይስተካከል» በሚለው ላይ ይተዉት።

እንግዲህ የጠፋው ስልክ ያንን ቁልፍ ይዞ ሄዷል። ቁልፎቹን በአካውንት ላይ የሚያስቀምጡ መተግበሪያዎች አሉ፤ ጥሩ ነው። ሆኖም ያ አካውንት ራሱ ያንኑ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ነገሩ የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ እንደመቆለፍ ይሆናል።

አሁን ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ፣ ደጋግመው አይሞክሩ። ተከታታይ የተሳሳተ ሙከራ ጥርጣሬ ስለሚያስነሳ የሚጠብቁትን ጊዜ ያራዝመዋል። ቀጥሎ፣ አካውንቱ እስካሁን ክፍት የሆነበት ሌላ መሣሪያ ይፈልጉ፤ አሮጌ ታብሌት፣ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ቤት ውስጥ የተረሳ ስልክ። ከተገኘ በምንም ምክንያት «ውጣ» የሚለውን አይጫኑ። እዚያው ላይ ሆነው ወደ ደህንነት ክፍሉ ይግቡና መጠባበቂያ ኮዶችን፣ ማለትም በመተግበሪያው ኮድ ፋንታ የሚያስገቡ ቁጥሮችን፣ ያውጡ። አንዳንድ አገልግሎቶች እዚያም የማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃሉ፤ ቢሆንም ቀድሞ የሚያውቁት መሣሪያ በእጅዎ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሌለ የአካውንት ማስመለሻ ገጹን ከዚህ በፊት በተጠቀሙበት ኮምፒውተርና በለመዱት የኢንተርኔት መስመር ይክፈቱት። አገልግሎቱ ቦታውንና መሣሪያውን ማወቁ ለእርስዎ ይመሰክራል።

ስልካቸው ገና ኪሳቸው ውስጥ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ይህ ዛሬ የሚሠራ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ጉግል 10 መጠባበቂያ ኮዶችን ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም አንዴ ብቻ ያገለግላሉ። የሚገኙት በአካውንቱ የደህንነት ክፍል፣ በባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሥር ነው። በወረቀት ላይ ይጻፏቸው ወይም ያትሟቸው። ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ስልኩ ሲጠፋ ኮዱም አብሮ ይጠፋልና። ሁለት ቅጂ ሠርተው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያኑሩ። አዲስ ዝርዝር ባወጡ ቁጥር አሮጌው እንደሚሻርም ያስታውሱ፤ መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት የትናንቱ ሆኖ የሚያስደነግጠው ብዙ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ የስልክዎን መለያ ቁጥር ይጨምሩ፦ *#06# ብለው ሲደውሉ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ሁለቱንም ይጻፉ።

ከዚያ ፈተናው ይቀራል። ስልክዎን አጥፍተው ሌላ ክፍል ያስቀምጡት፤ ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር በማያስታውሰው በሚስጥራዊው የኢንተርኔት መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ኢሜይልዎን ለመክፈት ይሞክሩ። በተለመደው መስኮት ከሞከሩ ኮምፒውተሩ ስለሚያውቅዎ ኮድ ሳይጠይቅ ያስገባዎታል፤ ያኔ ፈተናውን ያለፉ ይመስልዎታል። የማስመለሻ ኢሜይል ብለው ያስመዘገቡት አድራሻ ራሱ በዚያው ስልክ ብቻ የሚከፈት መሆኑ የሚታወቀውም በሚስጥራዊው መስኮት ሲሞክሩ ነው።

ጥያቄ፦ ስልክ እንደተሰረቀ ወዲያው ሲሙን ማዘጋት ነው ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

መልስ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሲሙ ከተዘጋ ስልኩ ዋይፋይ እስካላገኘ ድረስ ኢንተርኔት ያጣል፤ ኢንተርኔት ያጣ ስልክ ደግሞ ከሩቅ የሚላክለትን የመቆለፊያ ትእዛዝ አይሰማም። ስለዚህ አጠገብዎ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ በመጀመሪያ «ስልኬን ፈልግ» የሚለውን አገልግሎት ከፍተው ስልኩን ይቆልፉ። ይህ የ2 ደቂቃ ሥራ ነው። ወዲያው ሲሙን ያዘጉ፣ ከዚያ ባንክዎን ያሳውቁ። አጠገብዎ ምንም ከሌለ ግን አይጠብቁ፤ በተገኘው ስልክ ሲሙንና ባንኩን ያዘጉ። ሙሉ በሙሉ መደምሰሱን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ የአንድሮይድ ስልክ ከተደመሰሰ በኋላ በዚያ አገልግሎት ያለበትን ቦታ ማየት አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የሲም ካርዱን ፒን፣ ማለትም የሲሙን የራሱን የሚስጥር ቁጥር ነው። ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ ሌባው ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ውስጥ ከከተተው በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ሁሉ ለእሱ ይደርሰዋል። የሲም ፒን ይህንን ይዘጋል። ከ4 እስከ 8 አሃዝ ነው፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ሲያበሩት መጀመሪያ የነበረውን ፒን ይጠይቃል፤ እሱን በግምት አይሞክሩ፣ ሲሙ ሲገዛ ከመጣው ካርድ ላይ ይዩ ወይም የስልክ ድርጅትዎን ይጠይቁ። 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ባለ 8 አሃዙን የሲም መክፈቻ ኮድ (PUK) ይጠይቃል፤ እሱንም 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል። በተጨማሪም የመልእክት ይዘት በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ያድርጉ። ስልኩ ሳይከፈት ኮዱ ፊት ለፊት ተነቦ ከሆነ የመቆለፉ ትርጉም ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ባትሪዬ አልቆ የሰው ስልክ ተዋስኩ፤ የባለቤቴን ቁጥር እንኳ አላስታወስኩም። ማስታወስ ችሎታዬ እየደከመ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። ቁጥሩ ከአእምሮዎ አልወጣም፤ መጀመሪያውኑ አልገባም። ድሮ ቁጥር በቃል የሚያዘው ጣት ደጋግሞ ስለሚደውለው ነበር፤ አሁን የሚነኩት ስሙን ነው። መቶ ቁጥር መያዝ አያስፈልግም፤ ሦስት ይበቃል። አብሮዎ የሚኖር ሰው፣ ሁልጊዜ ስልክ የሚያነሳ ዘመድ፣ አንድ ደግሞ የሥራ ቦታ። ለ2 ሳምንት እነዚህን ሰዎች ስማቸውን ነክተው አይደውሉ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጻፉ ይደውሉ። ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት አድርገው ከፋፍለው በድምፅ ይበሉት። ከዚያ ሳያዩ ራስዎን ይፈትኑ፦ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው። ለማስታወስ የሚታገሉበት ያ ቅጽበት ነው ቁጥሩን የሚተክለው፤ ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን ብዙም አይረዳም።

ለማንኛውም በወረቀት ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ያስቀምጡ። በተለመደው እስክሪብቶ ይጻፉ፤ የጄል ቀለም ላብና ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ስልኩ ላይ ደግሞ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ የሚባለውን ይሙሉ፤ የሚያምዎትን በሽታ፣ የማይስማማዎትን መድኃኒትና የሚደወልለትን ሰው ቁጥር ይይዛል። ራስዎን ስተው ቢወድቁ ሊረዳዎ የመጣ ሰው ስልኩን ሳይከፍት ከመቆለፊያው ስክሪን ላይ ሊያነበው ይችላል። አይፎን ላይ «ሲቆለፍም ይታይ» የሚለው መብራቱን ያረጋግጡ፤ እሱ ካልበራ የተሞላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ ካርታው ነጭ ሆኖ ቀረ። ይባስ ብሎ አሥር ጊዜ የሄድኩበትን ቦታ ያለ ስልክ አላገኘውም።

መልስ፦ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ጂፒኤሱ አልጠፋም። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው፤ ለዚህ ሲምም ዳታም አያስፈልግም፣ ቢያንስ 4 ሳተላይት ማየት ብቻ ነው። የጠፋው የካርታው ምስል ነው፤ እሱ የሚመጣው በኢንተርኔት ነውና። ከመነሳትዎ በፊት የሚሄዱበትን አካባቢ ያውርዱት፦ ጉግል ካርታ ላይ የራስዎን ምስል ይንኩ፣ ከመስመር ውጭ ካርታ የሚለውን ይክፈቱ፣ ሳጥኑን መነሻውንም መድረሻውንም እንዲይዝ አድርገው ያስፉት። የወረደ ካርታ ጊዜው ስለሚያልፍ አልፎ አልፎ ያድሱት። የትራፊክ መረጃ ግን አይኖረውም፤ የእግር መንገድም ላይመራዎት ይችላል።

ዳታ ሲጠፋ ስልኩ ቦታውን ለማግኘት ሊዘገይም ይችላል። በወትሮው ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ በኢንተርኔት ቀድሞ ይነገረዋል፤ ያ ሲቀር ከሳተላይቱ ራሱ መስማት አለበት፤ ሳተላይቱ ደግሞ በሰከንድ 50 ቢት (ቢት ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት) ብቻ ነው የሚናገረው። የራሱን ምሕዋር ተናግሮ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከእንደገና ነው። ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቆመው 1 ወይም 2 ደቂቃ ይታገሡ። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ምልክቱ ከግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚደርስ ስልኩ ጎን ያለው መንገድ ላይ ያሉ አስመስሎ ሊያሳይዎ ይችላል። ያኔ ከስልኩ ይልቅ ዓይንዎን ይመኑ።

ሁለተኛው ይበልጥ ስር የሰደደ ነው። «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ» የሚለው ድምፅ የት እንደሚታጠፉ የመወሰኑን ሥራ ይወስድብዎታል፤ ያልወሰኑትን መንገድ ደግሞ አእምሮ አይመዘግብም። መፍትሔው ካርታውን መጣል አይደለም። ከመነሳትዎ በፊት መንገዱን በሙሉ በአንድ ዓይን ይዩት፤ ሰሜን ወደ ላይ ይሁን፣ ካርታው ከእርስዎ ጋር አይሽከርከር። ሦስት ነገር ይያዙ፦ ዋናው መታጠፊያ ላይ ምን ምልክት አለ፣ ካለፍኩት ምን አያለሁ፣ መድረሻዬ ከመንገዱ በየት በኩል ነው? ሲሄዱ ድምፁን ይጠቀሙ፤ ሲመለሱ ግን ስልኩን ኪስዎ ይክተቱት። መንገድ የሚለመደው በመልሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስነዳ በብሉቱዝ ስለማወራ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። ነፃ የሆነው እጅዎ እንጂ ሐሳብዎ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የመድረስ ዕድሉ 4 ጊዜ ያህል ከፍ እንደሚል ይገልጻል፤ ስልክ ሳይጨብጡ ማውራትም ከመጨበጡ ብዙም የተሻለ አለመሆኑን ይናገራል። መልእክት ማንበብ ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው፦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ለ5 ሰከንድ ወደ ስክሪን ማየት 110 ሜትር በጭፍን መንዳት ነው። አድራሻውን ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ያስገቡ፣ ስልኩንም ከኋላ ወንበር ላይ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ማንቂያ ደወሌ ስልኬ ስለሆነ ከአልጋዬ ላርቀው አልችልም። ሌሊት ቤተሰብ ቢደውልስ? የሰማያዊ ብርሃን ማጣሪያ ብጠቀም አይበቃም?

መልስ፦ ማጣሪያው የሚገባውን ያህል ሳይሆን ከሚገባው በላይ የተወራለት ነገር ነው። እንቅልፍ የሚነሳው ዋናው ነገር የብርሃኑ ቀለም ሳይሆን የሚያዩት ነገር ማለቂያ ማጣቱ ነው። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ጣት የሚያንሸራትተው ገጽ ግን የለውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ 10 ደቂቃ ተብሎ የተጀመረው ሲጠናቀቅ እኩለ ሌሊት ያልፋል።

ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙና የስልኩን ቻርጀር ከመኝታ ክፍል ውጭ በቋሚነት ይሰኩት። ስልኩ ማደሪያ ሲኖረው በየምሽቱ ከራስ ጋር መጨቃጨቅ ይቀራል። ለቤተሰብ ጥሪ «አትረብሽ» የሚለውን አብርተው ሁለት በር ይክፈቱለት፦ የተመረጡ ሰዎች ይግቡ፣ ደጋግሞ የሚደውልም ይግባ። ሁለተኛው ማለት ያው ሰው በአይፎን በ3 ደቂቃ፣ በአንድሮይድ በ15 ደቂቃ ውስጥ ዳግመኛ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል ማለት ነው። ይህንን ለቤተሰብዎ ይንገሩ፤ ቸግሮት የሚደውል ሰው ሁለቴ እንዲደውል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው በሩን ገርበብ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ያለ ምክንያት ስልኬን አወጣለሁ። የጊዜ ገደብ አስቀመጥኩ፤ አልሠራም።

መልስ፦ ገደቡ የማይሠራው ከሥሩ «ዛሬን ተወኝ» የሚል መጫኛ ስላለው ነው፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጣት ሳያነብ ይጫነዋል። የገደቡን መክፈቻ ኮድ ሌላ ሰው ቢያስገባልዎ ይሻላል። ከገደብ ይልቅ የሚጠቅመው ግን መቀስቀሻውን መቀነስ ነው። ሰዓት ለማየት ስልኩን ሲያወጡ ምን እንደሚሆን ይታዘቡ፦ ስክሪኑ ላይ ሦስት ማሳወቂያ ተደርድሯል፤ አንዱን ይነካሉ፣ ከእሱ ወደ ሌላው ያልፋሉ፣ ስልኩን ወደ ኪስ ይመልሳሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አላዩም። የእጅ ሰዓት ብቻውን ከዚህ ምልልስ ብዙውን ያስቀራል።

ማሳወቂያዎችን በአንድ መስፈርት ይለዩ፦ ከጀርባው መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ ወይስ ማሽን? ሰው ያለበትን ይተዉ፤ ሌላውን አንድ ጊዜ ተጭነው በመያዝ ያጥፉ። ለአንድ ሳምንት እየመጣ ያለውን እያንዳንዱን እንዲህ ካደረጉ ሴቲንግ ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልግዎትም። በጣም የሚጎትትዎትን መተግበሪያ ደግሞ ተጠቅመው ሲጨርሱ ከአካውንቱ ይውጡ። በየጊዜው የይለፍ ቃል መጻፉ ያሰለቻል፤ መሰልቸቱ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ስለሞላ ፎቶዎቹን ሰረዝኩ፤ «ክላውድ ላይ አሉ» ብዬ። እዚያም የሉም!

መልስ፦ ማመሳሰልና መጠባበቂያ አንድ አይደሉም። የሚመሳሰል አልበም እንደ መስታወት ነው፤ እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋል። አሁኑኑ የቆሻሻ ቅርጫቱን ይዩ፦ ጉግል ፎቶስ ወደ አካውንቱ ተጭነው የነበሩትን 60 ቀን፣ ያልተጫኑትን 30 ቀን ያቆያል፤ አይፎን ላይ «በቅርቡ የተሰረዙ» የሚለው 30 ቀን ያህል ነው። ወደፊት ቦታ ለማስለቀቅ ከፈለጉ «ሰርዝ» የሚለውን ሳይሆን «ከመሣሪያው ላይ ቦታ አስለቅቅ» የሚለውን ይጠቀሙ። በየ3 ወሩም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡና ጥቂቶቹን ከዲስኩ ላይ ከፍተው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ አንጓዬ ላይ ያመኛል። ከስልክ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች አንጓ ላይ በጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ፤ ትልቅ ስልክ በአንድ እጅ ይዞ በአውራ ጣት መጻፍ ያንን ሽፋን ሊያሳብጠው ይችላል። አውራ ጣትዎን በሌሎቹ ጣቶች ጨብጠው አንጓዎን ቀስ ብለው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘንብሉት፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ስለት የመሰለ ሕመም ከተሰማዎት ጥርጣሬው ይጠነክራል። አንዴ ይበቃል፣ ደጋግመው አይፈትኑት። ለጥቂት ሳምንታት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በሌባ ጣት ይጻፉ፣ ረጅሙን በድምፅ ይላኩ። ካልተሻለዎት ሐኪም አውራ ጣቱን ጭምር የሚይዝ ድጋፍ ሊያዝልዎት ይችላል። ጣቶችዎ ከደነዘዙ ግን ነገሩ የጅማት ሳይሆን የነርቭ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን አያዘግዩ።

ጥያቄ፦ ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ገዛሁ፤ ባለ 5,000 ባትሪ ስልኬን ሁለት ጊዜ አይሞላም። ተታለልኩ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የተጻፈው ቁጥር በ3.7 ቮልት ያለው ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ስልኩ ውስጥ ሲገባ በሙቀት የሚባክን አለ። በተግባር የሚደርሰው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉ ስለሆነ ከአንድ ሙሌት ትንሽ ይበልጣል። የስልኩን ባትሪ ዕድሜ በዋናነት የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ከትራስ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ ባለ መኪና ውስጥ ቻርጅ አያድርጉት። ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ማቆየትም ይረዳል። የጀርባው ክዳን ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ስልኩን ያጥፉ፣ ክዳኑን ተጭነው ለመመለስ አይሞክሩ፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያኑሩትና ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።